ድግሱ ደርሶ እንግዳው የቀረበት ማሽን

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ቡና እያፈላች፣ እኔም ጋዜጣዬን ይዤ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ትልቋ ልጃችን በሩን በርግዳ ገባች። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችና ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ምነው፣ ምን ሆንሽ?" አለቻት እናቷ።

"እምቢ አሉ" አለችና አኮረፈች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን የመጨረሻ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ለመመረቂያ የሠሩት ሥራ የሰፈር ሱቆች ዱቤ የሚመዘግቡበት የስልክ ፕሮግራም ነው። ስድስት ወር ለፍተውበታል። ሒሳቡን ራሱ ይደምራል፣ ቀኑ ያለፈበትን ባለዕዳ በቀይ ያሳያል፣ በወሩ መጨረሻ ለደንበኛው መልእክት ይልካል። እኔም ሞክሬው ወድጄዋለሁ። አንድ ችግር ብቻ አለበት። ሥራውን ለመጀመር ባለሱቁ የቆየውን ዱቤ ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና ስልኩ ላይ መጻፍ አለበት። ደንበኞቹም በየስልካቸው ላይ ፕሮግራሙን ጭነው መመዝገብ አለባቸው። ደብተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዘጋል ማለት ነው።

የሰፈራችን ባለሱቅ በትዕግሥት ሰምተዋታል። በመጨረሻ ጠርዙ በዘይት የወዛውን ደብተራቸውን መታ መታ አደረጉና "ልጄ፣ ያንቺው ቆንጆ ነው። ይሄኛው ግን የሰዉን ዕዳ ያውቃል" ብለው መለሷት።

"አባዬ፣ የኛ እኮ በሁሉም ነገር ይበልጣል!" አለችኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "ሰው ለምንድነው የሚሻለውን የማይመርጠው?"

ባለቤቴ ሲኒውን እያቀበለችኝ ቀና ብላ አየችኝ። "ያን ሰማያዊ ክላሰር አውርድና ንገራታ" አለች።

ክላሰሩ ከቁም ሣጥኑ ጫፍ ላይ አቧራ ለብሶ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። ለልጆቼ ስለ እሱ ተናግሬ አላውቅም። አንዳንድ ነገር ለልጅ ለመንገር ቡናም ጊዜም ይፈልጋል። የዚያን ዕለት ያወራኋትን ለእናንተም ለአንባብያን ላካፍላችሁ ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

ያልተመለሰችው ጥያቄ

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ እሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ሰርቨር ገዛ። ልቡ ኢታኒየም የሚባል ፕሮሰሰር ነበር። እኔ ያኔ ገና ወጣት ነኝ፤ ከማሽኑ ፍቅር ያዘኝ። ሥልጠናውን በራሴ ወጪ ወስጄ ከጓደኞቼ ሁሉ ልቅደም አልኩና ለቤታችን ሁለት ክፍል መጨመሪያ ያጠራቀምነውን ገንዘብ አወጣሁ። ያዘዘኝ ማንም የለም። ውሳኔው የራሴ ነበር።

ባለቤቴ ስነግራት አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "ይህን ማሽን ሌላ ማን ማን ገዛው?"

እኔም "የወደፊቱ ዘመን የሱ ነው" አልኳት።

ልብ በሉ፤ የጠየቀችኝና የመለስኩላት አይገናኙም። ይህን የተረዳሁት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ሁለት ኃያላን የጠሩት ድግስ

ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት የሚገባው የራሱ የትዕዛዝ ቋንቋ አለው። በአንዱ ቋንቋ የተዘጋጀ ፕሮግራም ሌላው ላይ እንዲሁ አይሠራም። በየቢሮውና በየቤቱ የምናያቸው አብዛኞቹ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ለአርባ ዓመት ሲናገሩት የኖሩት ቋንቋ ኤክስ 86 ይባላል። የተወለደው ኢንቴል በ1978 ባወጣው 8086 በተባለ ቺፕ ነው። በ1981 አይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያቀርብ የ8086ን ታናሽ ወንድም 8088ን መረጠ። ከዚያ በኋላ የዓለም ሶፍትዌር በዚያ ቋንቋ ላይ ተከመረ።

የሚገርመው 8086 ራሱ ኢንቴል ልቡን የጣለበት ልጅ አልነበረም። ኩባንያው ከ1975 ጀምሮ ይደክምበት የነበረው አይ.ኤ.ፒ.ኤክስ 432 የተባለ እጅግ የተራቀቀ ንድፍ ነበር። ያ እስኪደርስ ድረስ ክፍተት እንዲሸፍን ተብሎ በጥድፊያ የተሠራው 8086 ነው። 432 በ1981 ሲወጣ ዘገምተኛ ሆኖ ተገኘና ገዢ አጣ። ለጊዜው ይሁን የተባለው ቤተሰቡን ሁሉ የሚያበላ ሆነ። ወላጆች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም፤ ብዙ ተስፋ ያልተጣለበት ልጅ ጧሪ ሲሆን በየቤታችን አይተናል።

ወደ ኢታኒየም ልመለስ። በ1980ዎቹ ጆሽ ፊሸርና ቦብ ራው የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በየፊናቸው አንድ ዓይነት ሐሳብ ይዘው ነበር። ፕሮሰሰሩ ትዕዛዞችን አንድ በአንድ ከሚሠራ፣ ብዙዎቹን ጠቅልሎ ባንዴ ቢሠራስ? የትኛው ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚሄድ ደግሞ ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮምፓይለሩ፣ አስቀድሞ ቢወስንስ? ሐሳቡን ይዘው በ1984 መልቲፍሎውና ሳይድሮም የተባሉ ሁለት ትንንሽ ኩባንያዎች ተቋቋሙ። ሳይድሮም በ1988፣ መልቲፍሎው በ1990 ተዘጉ። ሁለቱ ሊቃውንት ግን ወደ ሂውሌት ፓካርድ፣ በአጭሩ ኤች.ፒ. ወደምንለው ኩባንያ ገቡ። ሐሳቡም አብሯቸው ገባ።

በ1994 ኤች.ፒ. እና ኢንቴል አዲስ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር በጋራ ሊሠሩ መሆኑን አስታወቁ። ምክንያት ነበራቸው። ባለ 32 ቢት ኮምፒውተር ባንድ ጊዜ ሊያዘው የሚችለው ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ገደማ ላይ ይቆማል። ለትልልቅ የመረጃ ቋቶች ይህ እየጠበበ መጥቶ ነበር። በዚያ ላይ ኤክስ 86ን ሌላው ተፎካካሪ ኤ.ኤም.ዲ.ም ይሠራዋል፤ አዲሱ ቋንቋ ግን የሁለቱ ኩባንያዎች ብቻ ይሆናል። እና ድግሱ ተጠራ። የገበያ ተንታኞች ማሽኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓመት አሥር ቢሊዮኖች ዶላር እንደሚያስገባ ይተነብዩ ጀመር።

ድግስና ጓዳ

ልጄ ቴክኒኩን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። እናቷና ታናሽ ወንድሟም እንዲገባቸው ግን በድግስ መስዬ ነገርኳቸው።

አንድ ትልቅ ሠርግ አለ እንበል። ወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ምድጃና ብዙ ሴቶች አሉ። ሥራውን ለመምራት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ልምድ ያላት አንዲት እመቤት መሀል ላይ ቆማ እያየች ታዛለች። "ቅቤው ገና አልመጣም? እንግዲያው አንቺ እስኪመጣ ሥጋውን ክተፊ፤ አንቺ ደግሞ ሽንኩርቱን አቁላዪ።" ያለውን እያየች ቅደም ተከተሉን ትቀያይራለች። ሁለተኛው፣ አንድ ብልህ ሰው ከዋዜማው ማታ ቁጭ ብሎ የእያንዳንዷን ደቂቃ ሥራ በወረቀት ይጽፋል። በማግሥቱ እመቤት አያስፈልግም፤ ወረቀቱን ማንበብ ነው። ለእመቤቷ ይሰጥ የነበረው ቦታና ወጪ ለተጨማሪ ምድጃ ይውላል።

ኢታኒየም ሁለተኛው ነው። ትዕዛዞቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ በአንድ ትሪ ይቀርባሉ። እያንዳንዱ ትሪ 128 ቢት ነው፤ እያንዳንዱ ትዕዛዝ 41 ቢት ሲሆን የቀሩት 5 ቢቶች ትዕዛዞቹ ወደየትኛው ምድጃ እንደሚሄዱና የት ላይ መጠበቅ እንደሚገባ ይነግራሉ። ለመጻፊያና ለማስቀመጫ 128 ሰፋፊ ሳህኖች አሉት፤ ለክፍልፋይ ቁጥር ስሌት ሌላ 128። እንግዳው ጾመኛ ይሁን አይሁን በማይታወቅበት ጊዜ ሁለቱንም ዓይነት ወጥ ሠርቶ የማያስፈልገውን የመተው ዘዴም ነበረው። በወረቀት ላይ ሲያዩት ያስደስታል። እኔ በዚህ ነው የተማረክሁት።

ጣጣው ያለው ቅቤው ላይ ነው። ቅቤው ጓዳ ውስጥ ካለ ወዲያው ይመጣል። ከሌለ መርካቶ መላክ ሊያስፈልግ ነው። ፕሮሰሰርም እንደዚሁ ነው። የሚፈልገው መረጃ ከጎኑ ባለችው ትንሽ ጓዳ ካለ በቅጽበት ያገኘዋል፤ ከሌለ ከዋናው ሜሞሪ እስኪመጣ ብዙ መቶ እርምጃ ሊጠብቅ ይችላል። ከዋዜማው ማታ ወረቀቱን የሚጽፈው ሰው ነገ ቅቤው ጓዳ ይኑር አይኑር በምን ያውቃል? ሊገምት እንጂ ሊያውቅ አይችልም። ግምቱ ሲስት፣ ቅቤ የሚፈልገው ትዕዛዝ ተራው ሲደርስ ከኋላ ያለው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። የምታዘዋውር እመቤት የለችማ! ትሪው የሚሞላ ሦስት ሥራ ሲያጣ ደግሞ በባዶው ቦታ "ምንም አትሥራ" የሚል ትዕዛዝ ይገባል፤ ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጨምር ይወፍራል።

ሥራው አስቀድሞ ተለክቶ ሊታወቅ በሚችልበት ቦታ ወረቀቱ ድንቅ ይሠራል። በ2004 የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ ኮሎምቢያ የተባለ ኮምፒውተር አቆመ፤ 10,240 ኢታኒየም 2 ፕሮሰሰሮች ነበሩት። በዚያው ዓመት ኅዳር በዓለም ፈጣን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ሁለተኛ ሆነ። ስለዚህ ማሽኑ ሰነፍ ነበር የሚል ካለ ተሳስቷል። የዓለም አብዛኛው የኮምፒውተር ሥራ ግን የከዋክብት ስሌት አይደለም። የባንክ ሒሳብ ነው፣ የደመወዝ ዝርዝር ነው፣ ፍለጋ ነው። ቅቤው የት እንዳለ የማይታወቅበት ወጥ ቤት ነው።

"ታዲያ መሐንዲሶቹ ይህን አያውቁም ነበር?" አለች ልጄ።

ያውቁ ነበር። ኮምፓይለሩ እያደገ ሲሄድ ብልሃቱን ያገኛል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ትልቁን ጭነት ገና ያልተወለደ ሶፍትዌር ጫንቃ ላይ አስቀመጡት። እኛስ ልጅ ገና ሳይወለድ "ሐኪም ይሆናል" እንል የለ?

የቀረው እንግዳ

ድግሱ ዘገየ። የመጀመሪያው ኢታኒየም በ1990ዎቹ ማብቂያ ይደርሳል ቢባልም የወጣው በ2001 ነው፤ ፍጥነቱም 733 እና 800 ሜጋኸርዝ። በመጠበቁ መሀል የዓለም ፊት ተለውጧል። ለውጡን ካመጡት አንዱ ደግሞ ኢንቴል ራሱ ነው። በ1995 ያወጣው ፔንቲየም ፕሮ የኤክስ 86ን ያረጁ ትዕዛዞች በውስጡ ወደ ትንንሽ ሥራዎች እየፈታ፣ ቅደም ተከተላቸውን እያዘዋወረ ይሠራ ነበር። ማለትም እመቤቷን መሀል ወጥ ቤት አቆማት። ኢታኒየም የተነሳው ኤክስ 86 ከእንግዲህ ብዙ አይራመድም ከሚል ሐሳብ ነበር። ያንን ሐሳብ ሐሰት ያደረገው የገዛ ወንድሙ ነው።

ከዚያ የሚብሰው ሌላ ነው። ሰው ለሃያ ዓመት ያከማቸው የኤክስ 86 ፕሮግራም አለ። በመጀመሪያው ኢታኒየም ላይ ይህ ሁሉ ይሠራል፤ ግን እየተጎተተ። በርካሽ ዋጋ ከሚገዛ ተራ ኮምፒውተር ያነሰ ፍጥነት ነበረው። ውድ ማሽን ገዝተህ የቆየ ሥራህ ይንቀራፈፋል፤ አዲስ ፕሮግራም ደግሞ ገና አልተጻፈም። ፕሮግራም ጸሐፊው "ገዢ ይብዛና እጽፋለሁ" ይላል፤ ገዢው "ፕሮግራም ይብዛና እገዛለሁ" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ በመሀል ግን ማሽኑ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ከመጀመሪያው ኢታኒየም የተሸጡት ኮምፒውተሮች ጥቂት ሺህ ብቻ ነበሩ። ስሙ በ1999 በይፋ ሲነገር ገና ከመነሻው ፌዘኞች በሰመጠችው መርከብ በታይታኒክ አስመስለው "ኢታኒክ" ብለውት ነበር። ቅጽል ስም አንዴ ከወጣ በቀላሉ አይለቅም።

በሚያዝያ 2003 ኤ.ኤም.ዲ. ኦፕቴሮንን አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አሮጌውን ቤት ከማፍረስ ፎቅ ጨምርበት! ኦፕቴሮን ባለ 64 ቢት ነው፤ የቆየውንም ባለ 32 ቢት ፕሮግራም በሙሉ ፍጥነቱ ይሠራል። ገዢው ዛሬ ገዝቶ የድሮ ሥራውን ይቀጥላል፤ ወደ አዲሱ የሚሻገረው ሲመቸው ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስን ለዚህ ቋንቋ አዘጋጀ። በ2004 ኢንቴል ራሱ የተፎካካሪውን መንገድ ተከትሎ ለኤክስ 86 ፕሮሰሰሮቹ ያንኑ ባለ 64 ቢት ቋንቋ ተቀበለ። ደጋሹ ራሱ ጎረቤት ድግስ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የኢታኒየም ዕጣ የታወቀ ነበር፤ እኔ ግን ክላሰሬን እያቀፍኩ አላየሁትም።

እንግዶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ቀይ ኮፍያ አርማው የሆነው ሬድ ሃት በ2009 ቀጣዩ ሊኑክሱ ኢታኒየም ላይ እንደማይሠራ አስታወቀ። በ2010 ማይክሮሶፍት ተከተለ። በ2011 ኦራክል የመረጃ ቋቱን ለዚህ ማሽን ማዘጋጀት እንደሚያቆም ሲናገር ኤች.ፒ. ፍርድ ቤት አቆመው፤ ፍርድ ቤቱም ለኤች.ፒ. ፈረደ፤ በ2016 ደግሞ ዳኞች ጉባኤ 3 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ወሰነለት። ግን ገዢን በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ማምጣት አይቻልም። የመጨረሻው ኢታኒየም በ2017 ወጣ፤ የመጨረሻው ጭነት በ2021 ተላከ። በ2024 መጀመሪያ የወጣው የሊኑክስ እምብርት የኢታኒየምን ክፍል ጭራሹን አወጣው።

አንድ አሳዛኝ ነገር ልጨምር። ይህ ማሽን ከመውደቁ በፊት ሌሎችን ጥሏል። በጊዜው እጅግ ይደነቅ የነበረው አልፋ የተባለ ፕሮሰሰር ባለቤቱ ኮምፓክ በ2001 ወደ ኢታኒየም እሻገራለሁ ብሎ እንዲቆም አድርጎታል። ኤች.ፒ.ም የራሱን ፒ.ኤ. ሪስክ የተባለ ቺፕ ትቶለታል። ባዶ ለቀረ ድግስ የጎረቤት በሬም ታርዷል።

የኔ ድርሻ

መሥሪያ ቤታችን የመረጃ ቋቱን ወደ ተራ የኤክስ 86 ሰርቨሮች እንዲያዛውር የተወሰነ ጊዜ ከስብሰባው ወጥቼ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ደመወዜ አልተቀነሰም፤ ከሥራም አልተባረርኩም። ግን እኔን የሚለየኝ እውቀት አንድ ማሽን ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ከሚያንስ ልጅ ጎን ተቀምጬ እንደገና ፊደል ቆጠርኩ። ልጁ ጨዋ ነበር፤ "ጋሼ" እያለ አስተማረኝ። ሁለቱ ክፍሎች ግን ሳይሠሩ ሰባት ክረምት አለፈ። ትልቋ ልጃችን ፈተና ያጠናችው ሳሎን ውስጥ፣ እንግዳ ሲመጣ ደብተሯን እየሰበሰበች ነበር።

ይህን ስነግራት ልጄ ዝም አለች። "ለዚህ ነበር እንዴ?" አለች ቆይታ።

"ለዚህ ነበር" አልኳት። ለመናገር ዓመታት የፈጀብኝ ይቺ አንዲት ቃል ናት።

ባለቤቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች "ማሽኑን አይደለም እኮ ያልወደድኩት፤ ብቻውን መሆኑን ነው" አለች።

አዲስ ነገር አይቻልም እንዴ?

ልጄ ግን በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። "ታዲያ ሁሌ አሮጌው ላይ ተጣብቀን እንኑር?" ብላ ሞገተችኝ። ልክ ናት። አዲስ ቋንቋ ይዞ መሻገር ይቻላል። አፕል የፕሮሰሰሩን ቋንቋ ሦስት ጊዜ ቀይሯል፤ በ1994፣ በ2006 እና በ2020። ሦስቱም ጊዜ የድሮውን ፕሮግራም በአዲሱ ማሽን ላይ የሚያስተረጉም መሣሪያ አብሮ ሰጥቷል። ደንበኛው በማግሥቱ ጠዋት ተነሥቶ የትናንት ሥራውን ከፈተ፤ ሠራለት። አፕል ማሽኑንም ዋናውን ሶፍትዌርም ራሱ ስለሚሠራ ነገሩ ቀሎለታል፤ ቢሆንም የድሮውን አሽቀንጥሮ አልጣለም።

የራሳችንም ምሳሌ አለን። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ በሆነው የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በሁሉም መንገድ ከቀድሞዎቹ ፎንቶች ይሻል ነበር። ሆኖም በስንቱ ቢሮ ጸሐፊዎች በድሮው ፎንት ሲጽፉ ስንት ዓመት ቆዩ! ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ፣ ውልና ቃለ ጉባኤ ሁሉ የተጻፈው በዚያ ነበር። በሌላ ሲከፍቱት ፊደሉ ተበታትኖ የማይነበብ ይሆናል። ዓመታት የተጠራቀመ ወረቀት ያለው ሰው "ይሻላል" ተብሎ ብቻ አይነሣም። ወረቀቱን የሚሸከምለት ይፈልጋል።

"ባለሱቁ ያሉሽን አስቢው" አልኳት። "ያንቺ መጥፎ ነው አላሉም። እንዲያውም ቆንጆ ነው ብለዋል። ዕዳውን ያውቃል ወይ ነው ጥያቄያቸው። እናትሽ ያኔ የጠየቀችኝም ከዚያ አይርቅም።"

የዚያን ዕለት ማታ የልጄ ክፍል መብራት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልጠፋም። ክፍሉ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ተሠርቷል። ጠዋት ላይ ከጓደኞቿ ጋር በስልክ ስትከራከር ሰማኋት። አንደኛው "ንድፋችን ይበላሻል" ይላት ነበር መሰለኝ፤ "ይበላሽ፤ ሰው ካልተጠቀመበት ለማን ነው የሚያምረው?" ስትል ሰማሁ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አብሬያት ሱቅ ሄድኩ። አዲሱ ሐሳባቸው እንዲህ ነው። ደብተሩ አይዘጋም። ባለሱቁ እንደ ወትሯቸው ይጽፋሉ፤ ማታ ገጹን በስልክ ፎቶ ያነሣሉ፤ ድምሩን ብቻ ያስገባሉ። ደንበኛው ምንም መጫን የለበትም። ፕሮግራሙ እንደ ድሮው አያምርም፤ ከአሥሩ ሥራው አራቱ ቀርቷል። ይሠራ አይሠራ እንደሆነ ገና አናውቅም።

ባለሱቁ ስልኩን አገላብጠው አዩት። "ደብተሩን አትወስጂብኝም አይደል?"

"አልወስድም ጋሼ።"

ትንሽ አሰቡና ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "እንግዲያው በሦስት ሰው እንሞክረው" አሉ። ከዚያ ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው እኔን አዩኝ። "መጀመሪያ አባትሽን አስገቢ። የሱ ዕዳ ከቆየ ሰንብቷል።"

ቸር እንሰንብት።